ከዓለም በቃኝ ወደ ቃሊቲ፣ በሳሪስ በኩል

የአዲስ አበባ ትልቁ እስር ቤት ሰፈር ከቀየረ ቆይቷል። ዱሮ የነበረው አሁን የአፍሪካ ኅብረት ባለ 20 ፎቅ ሕንጻ በቆመበት ቦታ ላይ ነው፤ ለመንግሥት ወህኒ ቤት፣ ለሰፈሩ ሰው ከርቸሌ፣ ለገባበት ደግሞ ዓለም በቃኝ። የዛሬው ቃሊቲ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ከተማ አብዛኛው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ነው፤ ከሳር ቤት ተነሥተው ቄራን ታክከው፣ ጎፋን አቋርጠው፣ ሳሪስ ላይ የደብረ ዘይትን መንገድ ይዘው ቃሊቲ የሚወርዱበት። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ይህን መንገድ እያቆራረጥኩ ሄድኩበት። በሕግ ፊት ሁሉም ሰው እኩል ነው የሚለው ነገር ከስብሰባ አዳራሽ ወጥቶ በታክሲ መስመር ላይ ምን እንደሚመስል ማየት ፈልጌ ነው።

ሳር ቤት በጠዋቱ ተጨናንቋል። የኅብረቱ ሕንጻ ከየትም ይታያል። ቻይና በ200 ሚሊዮን ዶላር አሠርታ ያስረከበችው ጥር 2004 ነው፤ ያኔ ከርቸሌ ፈርሶ፣ እስረኛው ወደ ቃሊቲ ተዛውሮ ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ደርግ ስልሳዎቹን ባለሥልጣናት የገደለው በዚያ ግቢ ነው። ኅብረቱ በቦታው ላይ ለቀይ ሽብር፣ ለአፓርታይድና ለሩዋንዳው እልቂት ሰለባዎች መታሰቢያ የማቆም ሐሳብ ይዞ ነበር፤ ጥሩ ሐሳብ ነው። በበሩ የሚገቡት መኪኖች አብዛኞቹ የዲፕሎማት ሰሌዳ የለጠፉ ናቸው። ሹፌሩ እግረኛ ቢገጭ ጣቢያ ይሄዳል፤ ከኋላ የተቀመጡትን ግን ፍርድ ቤታችን አያገኛቸውም።

ለነገሩ ይህች ከተማ ለአንዱ አንድ፣ ለሌላው ሌላ ሕግ ይዛ መኖርን የለመደችው ገና ከጠዋቱ ነው። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳዩ መልእክተኛ ከክሎቡኮቭስኪ ጋር በተፈረመው ውል መሠረት አዲስ አበባ ላይ የተከሰሰ ፈረንሳዊ የሚዳኘው በአገሩ ሕግ፣ ቆንስሉ በተቀመጠበት ነበር፤ ሌሎች አውሮፓውያንም ይህንኑ ጥቅም ለራሳቸው ወሰዱት። ሐበሻውና ፈረንጁ በአንድ ጠብ ቢያዙ ሁለት ዓይነት ዳኝነት ይጠብቃቸዋል ማለት ነው። ጣልያን ሲገባ ነገሩ ዓይን አወጣ። ሚያዝያ 1929 ላይ የወጣው የፋሺስት ሕግ ከአፍሪካዊት ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረን ጣልያናዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያሳስር ነበር። የቆዳ ቀለም በወንጀል ሕግ አንቀጽ ሆኖ የተጻፈበት ዘመን ነው። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ ከየካቲት 12 ጭፍጨፋ በኋላ፣ የታፈሱት ሰዎች የታጎሩት ከቃሊቲ ብዙም በማይርቀው በአቃቂው ሬዲዮ ጣቢያ ነው፤ ከዚያ ወደ ሶማሊያ ዳናኔና ወደ ቀይ ባሕሯ ኖኩራ ተጋዙ። ስዊሳዊው ዣን ግራቨን ያረቀቀው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 4 ላይ ዘርና ሃይማኖት ሳይለይ ሁሉም በሕግ ፊት እኩል ነው ብሎ ሲጽፍ፣ ከጀርባው ይህ ሁሉ ነበር። የ1996ቱ ሕግም ያንኑ ቁጥር ይዞ ዝርዝሩን አስፍቶታል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 25 ይደግመዋል። በወረቀት ደረጃ ጉዳዩ አልቋል።

ስለዚህ ወረቀቱን ትቼ አንድ ችሎት ገባሁ። የማንኛውም ክፍለ ከተማ ችሎት ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም ጋ አግዳሚው ጠባብ ነው፣ ሁሉም ጋ ፖሊሱ ካቴናውን ሲፈታ ቁልፉ እምቢ ይለዋል። የጊዜ ቀጠሮ ቀን ነበር። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ዳኛ ፊት ይቀርባል፤ ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ካለ እስከ 14 ቀን ይጠይቃል፤ ዳኛው ይሰጣል ወይም በዋስ ይለቃል። መጀመሪያ የቀረበው በሰው መኪና መስታወት ሰበራ የተጠረጠረ የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ነው። ጠበቃ አለው። አጎቱ ከኋላ ሊብሬ ይዞ ተቀምጧል፤ አክስቱ ደግሞ ከመሥሪያ ቤቷ የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ አምጥታለች። ዋስትናው ተፈቀደ፣ አጎት ሊብሬውን አስያዘ፣ ልጁ ለምሳ ቤቱ ይደርሳል።

ቀጥሎ የቀረበው ሊስትሮ ነው። ሞባይል ነጥቀሃል ተብሎ ነው የተያዘው። ከወላይታ ከመጣ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም። ዳኛዋ ትሑት ሴት ናቸው፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አስተርጓሚ ትፈልጋለህ?» አሉት። መንግሥት አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ልጁ ግን ሰው በሞላበት ክፍል አማርኛ አልችልም ማለት አፈረ መሰለኝ፣ «አልፈልግም» አለ። ከዚያ በኋላ ለተጠየቀው ሁሉ መልሱ «እሺ» ሆነ። የድርጊቱን ጊዜ ሲጠየቅም «እሺ»፣ መብቱ ሲነገረውም «እሺ»። ለእርሱም ዋስትና ተፈቀደለት፤ ከመጀመሪያው ልጅ ያነሰ ገንዘብ ነው የተጠየቀው። ጸሐፊዋ ወደ አግዳሚው አንገቷን አውጥታ፣ «የዚህ ልጅ ዋስ!» ብላ ጠራች።

ከኋላ ነጠላዋን እያስተካከለች አንዲት ሴት ተነሣች። እርሱ ጫማ ከሚጠርግበት በረንዳ ሥር ቡና የምታፈላ ናት። ዘመዱ አይደለችም፤ በሁለት ቋንቋ የማይግባቡ ጎረቤቶች ናቸው። መታወቂያዋን ከጡቷ አካባቢ አውጥታ ሰጠች። ጸሐፊዋ ገለጥ አድርጋ አየችውና፣ «እማማ፣ ይሄ የሆሳዕና ነው፤ የአዲስ አበባ የሎትም?» አለቻት። የላትም። ስምንት ዓመት በኪራይ ስትኖር ያከራዩዋት ሰዎች አንዳቸውም በቤት ቁጥራቸው አላስመዘገቧትም። ልጁ ወደ ጣቢያ ተመለሰ። ሴትየዋ ውጭ ስትወጣ ተከትዬ አነጋገርኳት። «ምሳውን እንኳ ይዤ ነበር የመጣሁት፣ የሚፈታ መስሎኝ» አለችኝ።

ችሎቱ ውስጥ የሊስትሮውን ብሔር ያነሣ ሰው አልነበረም። ዳኛዋ ፍርደ ገምድል አይደሉም፣ ፖሊሱም አልሰደበውም። ለሁለቱም ልጆች አንድ ሕግ ተነቧል፣ እንዲያውም ለድሃው ቀለል ብሎ። ነገር ግን የአገራችን ፍትሕ በሕጉና በሰውዬው መካከል ሁልጊዜ አንድ ሦስተኛ ሰው ያቆማል፤ ዋስ። ያ ሦስተኛ ሰው የከተማ መታወቂያ፣ ቋሚ ደመወዝ፣ የቤት ካርታ ወይም ሊብሬ ያለው መሆን አለበት። እንዲህ ያለ አጎት ያለው ማን እንደሆነ፣ የሌለው ደግሞ ከየት እንደመጣ መገመት ከባድ አይደለም። ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከሐድያ፣ ከጎጃም ገጠር፣ ከአርሲ ገጠር። ማግለሉን የሚሠራ ሰው አያስፈልግም፤ ቅጹ ራሱ ይሠራዋል።

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ደግሞ የዚህ ነገር ዋና ሰፈር ነው። በደቡብ ጫፉ፣ በሀና ማርያምና በፉሪ በኩል፣ ከተማው የት አልቆ ኦሮሚያ የት እንደሚጀምር ነዋሪው የሚያውቀው በመታወቂያው ነው። ሰኔ 2008 ላይ ቀርሳ ኮንቶማ ውስጥ ያለ ካርታ የተሠሩ ቤቶች ሲፈርሱ ሰው ሕይወቱን ያጣበት ግርግር ተነሥቶ ነበር። ስለዚያ ቀን ብዙ ተብሏል። ቤቱ የፈረሰበት ሰው ከቤቱ ጋር የቤት ቁጥሩን ማጣቱን፣ ከቤት ቁጥሩም ጋር ለሰው ዋስ የመሆን አቅሙን ማጣቱን ግን ያነሣ ሰው አላጋጠመኝም።

ብሔር በግልጽ የሚነሣበት ጊዜም አለ፤ እሱ የሚመጣው አገር ሲታመም ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2014 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ አዲስ አበባ ውስጥ የጅምላ እስር ሲጀመር፣ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን እስሩ ማንነትን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል በመግለጫው ተናግሯል። የተያዙት ብዙዎቹ ትግራዋይ ነበሩ። አዋጁ የካቲት ላይ ተነሣ። ከዚያ በፊት መስከረም 2011 ላይ፣ ከቡራዩው ግድያ በኋላ፣ ከአዲስ አበባ ሰፈሮች ከታፈሱት ወጣቶች ከ1,000 በላይ የሚሆኑት ወደ ጦላይ ካምፕ ተወስደዋል። ፍርድ ቤት አልቀረቡም፤ ለአንድ ወር ያህል ተሐድሶ የሚባል ሥልጠና ወስደው ተመለሱ። በ2009ም እንዲሁ ነበር፤ ያኔ ከጦላይና ከመሰል ካምፖች የወጡት «አይደገምም» የሚል ቲሸርት ለብሰው በቴሌቪዥን ታይተዋል። አብዛኞቹ ምን እንደማይደግሙ የነገራቸው ዳኛ አልነበረም።

ይህን ሳስብ ከጎፋ ወደ ሳሪስ በሚወስደው ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ፤ ረዳቱም ሰውን እያጠጋጋ ሦስት ሰው የሚቀመጥበት ላይ አራተኛ ይጨምር ነበር። እኛ አገር ተሐድሶ በጅምላ ይሰጣል። ማንም ጥፋተኛ ያላለው ሰው ይታደሳል። በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብሎ፣ ዓመታቱን ቆጥሮ፣ ሙያ ተምሮ የወጣውን ሰው ግን «ታድሰሃል» የሚለው ማንም የለም።

ሳሪስ ከአደይ አበባ ፋብሪካ ወዲህ ባለው ጎዳና ውስጥ ለውስጥ የብረት ሥራ ቤቶች አሉ። እዚያ አንድ ብየዳ የሚሠራ ሰው አውቃለሁ፤ ስሙን አልጽፍም። በወጣትነቱ በመጠጥ ቤት ጠብ ሰው አቁስሎ ጽኑ እስራት ተፈርዶበት ነበር። ብየዳውን የተማረው ቃሊቲ ነው። ሁለት ሦስተኛውን ጨርሶ በ2010 በአመክሮ ወጣ። መስኮትና በር ሲሠራ እጁ አይንቀጠቀጥም፤ የብየዳውን መስመር በጣቱ ዳብሶ የሚያስተካክል፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ «አየኸው ጋሼ፣ ስፌት አይመስልም?» የሚል ሰው ነው። የሚሠራው በሌላ ሰው ንግድ ፈቃድ ነው፣ በቀን ሒሳብ። ፋብሪካ ሞክሮ አሻራ፣ ማለትም ከወንጀል ነጻ ነህ የሚል የፖሊስ ማስረጃ፣ አምጣ አሉት። የጥበቃ ድርጅት ሞክሮ አሻራና ዋስ አምጣ አሉት። አንዱን ቢያገኝ ሌላውን አያገኝም። አሻራ የሚያስፈልገው ሥራ እየበዛ መጥቷል፤ ሹፌርነት ሳይቀር። ከማረሚያ ቤት የወጣ ሰው የቀረው ነገር ቢኖር ሠሪው ማን እንደሆነ የማይጠየቅበት ሥራ ነው።

«ሰው ይረሳል ጋሼ» አለኝ። «የሰፈር ሰው ረስቶልኛል። ዕድር ገብቻለሁ፣ ሬሳ እሸኛለሁ። የማይረሳው ኮምፒዩተሩ ነው።»

የኮምፒዩተሩን ነገር ሲያነሣ የእስራኤሎቹ ቤተ እስራኤላውያን ትዝ አሉኝ። ወላጆቻቸው ከጎንደርና ከትግራይ የሄዱ ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 ሆሎን ውስጥ የወታደር ልብስ የለበሰው ደማስ ፓካዳ በፖሊስ ሲደበደብ የሚያሳየው ቪዲዮ አገሩን አነቃነቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ክረምት ደግሞ ሐይፋ አጠገብ ሰሎሞን ተካ ከሥራ ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሞተ። በመካከሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ የፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተሯ ኤሚ ፓልሞር የመሩት ኮሚቴ በመንግሥት ተቋማት ውስጥ በኢትዮጵያውያኑ ላይ ዘረኝነት እንዳለ አምኖ ጻፈ። ትኩረቴን የሳበው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ትንሽ ነገር ነው። ፕሬዚዳንት ሩቨን ሪቭሊንና የፍትሕ ሚኒስትሯ አየለት ሻኬድ፣ ፖሊስን በመስደብና ሥራውን በማደናቀፍ በመሰሉ ጥፋቶች ተፈርዶባቸው እስር ያልገቡ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች መዝገባቸው እንዲሰረዝላቸው እንዲያመለክቱ ጥሪ አቀረቡ። ፖሊስ ደጋግሞ የሚያስቆመው ልጅ ደጋግሞ ይመዘገባል፣ መዝገቡ ደግሞ ሥራ ያሳጣዋል ብለው ነው። ችግሩን አልፈታውም፤ ሰሎሞን የሞተው ከዚህ በኋላ ነው። ቢሆንም መንግሥት የራሱን መዝገብ ተጠራጥሮ ሲያይ ማየት ብርቅ ነው።

የኛም ሕግ ለካ ይህ በር አለው። ለብየዳው ሰው የነገርኩት ሳሪስ አቦ ጋ ሻይ እየጠጣን ነው። የወንጀል ሕጉ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ ስለ መሰየም ይደነግጋል። ጽኑ እስራት የተፈረደበት ሰው ቅጣቱ ካለቀ አምስት ዓመት፣ በቀላል ቅጣት የተቀጣ ደግሞ ሁለት ዓመት ካለፈው፣ በመልካም ጠባይ ከኖረና ካሣውን እንደ አቅሙ ከከፈለ፣ ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝለት ማመልከት ይችላል። ከተሰየመ በኋላ የድሮውን ፍርድ እያነሣ የሚያዋርደው ሰው በስም ማጥፋት ቢከሰስ «የተናገርኩት እውነት ነው» ብሎ መከላከል አይችልም። ሕጋችን ከተጻፈው ሁሉ ቸር የሆነው ይህ አንቀጽ ሳይሆን አይቀርም፤ እስረኛ ሲፈታ በእጁ ከሚሰጠው ወረቀት ጀርባ መታተም ነበረበት። ሰውየው ሻዩን አስቀምጦ፣ «ስምንት ዓመት ሙሉ ይሄን የነገረኝ የለም» አለ።

ከሳሪስ በባቡር ቃሊቲ ወረድኩ። የጥየቃ ቀን ነበር። በማረሚያ ቤቱ በር ፊት ለፊት ሴቶች ሳፋና ፔርሙስ ይዘው ተሰልፈዋል፤ በሰልፉ ውስጥ የማይሰማ ቋንቋ የለም። ፍተሻው ጋ ጠባቂዋ ሽሮውን በማንኪያ ታማስላለች፣ እንጀራውን ታገላብጣለች፣ ከዚያ፣ «ቅመሺ» ትላለች። ያመጣው ሰው ራሱ ይቀምሳል። ከፊቴ የነበሩት አረጋዊት እናት ጾም ላይ ነበሩ፤ ቀኑ ዓርብ ነው፣ ለልጃቸው የያዙት ደግሞ ዶሮ ወጥ ነው። «እኔስ ጾመኛ ነኝ፣ እርሱ ሕመምተኛ ስለሆነ ነው» ብለው ለመኑ። ጠባቂዋ እንደ ማሰብ አለችና ከሰልፉ አንድ ሙስሊም ወጣት ጠራች። ልጁ ሳቀ፤ «እማማ፣ እኔስ የክርስቲያን ሥጋ መች እበላለሁ?» አለ። መጨረሻ ላይ ጠባቂዋ ራሷ መረቁን በእንጀራ ጫፍ ነክታ ቀመሰችላቸው። ሰልፉ ቀጠለ። ያ ደንብ መመሪያው ላይ ይኖር አይኖር አላውቅም፤ ግን እዚያ በር ላይ ሰው ለሰው ዋስ የሆነበትን ጊዜ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ጠያቂ የሌለውም አለ። የብየዳው ሰው እንደነገረኝ የገጠር ልጆች ስንቅ አይመጣላቸውም፤ የሌላውን ልብስ ያጥባሉ፣ በምትኩ ከስንቁ ይቋደሳሉ። ውጭ ዋስ ያጣ ሰው ውስጥም ያው ነው።

በቀጣዩ ሰኞ ከብየዳው ሰው ጋር ፍርድ ቤት አካባቢ ተገናኘን። በዣንጥላ ሥር የታይፕ መኪና የዘረጉ አንድ ራፖር ጸሐፊ ጋ ተቀመጥን፤ አሁንም አሉ፣ ኮምፒዩተሩ ከጎናቸው ሱቅ ውስጥ እያለ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ የፍትሐ ብሔርና የወንጀል ማመልከቻ ሁሉ በቃላቸው የሆነ ሰው ናቸው። ጉዳዩን ስንነግራቸው ጣታቸው ቁልፉ ላይ ቆመ።

«የይግባኝ ነው?»

«አይደለም አባባ፣ የመሰየም።»

«ይሄን ጽፌ አላውቅም» አሉ ሳይደብቁ። «እስቲ በሉኝ። ለማን ይድረስ?»

ቅጣቱን ለወሰነው ፍርድ ቤት አልናቸው። የመዝገብ ቁጥሩን የብየዳው ሰው በቃሉ ያውቀዋል፤ ሳያመነታ ቁጥሩን አንድ በአንድ ጠራላቸው። ስለ መልካም ጠባይ የሚለው መስመር ላይ ስንደርስ አቋረጠኝ።

«ይሄም ዋስ ይፈልጋል ጋሼ?»

«ዋስ አይፈልግም። ስለ ጠባይህ የሚመሰክር ሰው ግን ቢኖርህ ጥሩ ነው።»

በጣቱ መቁጠር ጀመረ፤ የብረት ቤቱ ባለቤት፣ የዕድሩ ዳኛ፣ አከራዩ። አከራዩ ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ ወደ ራፖር ጸሐፊው ዞረ።

«አባባ፣ ሁለት ይበቃል? እሷ ስለ እስሩ ነገር አታውቅም።»